የአሸንዳው ገብስ

ቤቴን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን ግን እውነት ነው። ጣሊያን እንደወጣ፣ ወደ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርቤ፣ ጭቃውን በእግሬ ረግጬ ግድግዳውን አቆምኩ። በሰፈሩ ጣራውን ቆርቆሮ ያለበሰ የመጀመሪያው ሰው እኔ ባሻ ውዱ ነኝ። አሸንዳም አስገጠምኩለት። ጎረቤቶቼ የሣር ክዳናቸው በክረምት ሲያንጠባጥብባቸው፣ እኔ የዝናቡን ውኃ በአሸንዳ እየመራሁ ጣሊያን ጥሎት በሄደው በርሜል አጠራቅም ነበር።

የቆርቆሮ ቤት ግን አንድ ዐመል አለው። የሣር ቤት ሲያረጅ እንደገና ትከድነዋለህ፣ አለቀ። ቆርቆሮው በየዓመቱ ቅጠሌን አውርድልኝ፣ አሸንዳዬን ጥረግልኝ፣ ግድግዳዬን እጠብልኝ ይላል። ከጓሮዬ ደግሞ ቅጠሉን ሌት ተቀን የሚያራግፍ ባሕር ዛፍ አለ። የተከልኩት ራሴ ስለሆንኩ ማንንም መርገም አልችልም። ስለዚህ ክረምት በወጣ ቁጥር፣ ኅዳር ስድስት የቁስቋም በዓል ሳይገባ፣ መሰላሌን አቁሜ እወጣለሁ፣ ጠርጌ እወርዳለሁ። ለዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም።

ነገሩ የተበላሸው በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ያን ዓመት ከመሰላሉ ሦስተኛ እርከን ወደቅኩና አንዲት ዶሮ ገደልኩ። ባለቤቴ የዓለምወርቅ ለኔ ወገብ ያዘነችውን ያህል ለዶሮዋ አዘነች፤ ሳይባረክ የሞተ አይበላምና ዶሮዋ እንዲሁ ባከነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሜዬ የቤቱ ወሬ ሆነ። እኔ ሰባ ነው የምለው፣ እሷ ሰባ ሦስት ነው የምትለው፤ ስወለድ እንዳልነበረች ግን ማንም ልብ አይልም።

ወሬው አይከል ድረስ ሄደ። አይከል ላይ የሻው የሚባል ልጅ አለኝ፣ እህል ነጋዴ ነው፣ ደኅና ቤት ሠርቷል። የሻው ሰው ላከ። በመጪው ዓመት በቁስቋም ዋዜማ በማኪና እንደሚመጣ፣ ቤቱን እንደሚያይ፣ በወጉ ተይዞ ካገኘው ዝም እንደሚል፣ ካልሆነ ግን ቤቱን አከራይቶ ሁለታችንንም ወደ አይከል እንደሚወስደን ነገረን። አይከል ክፉ አገር አይደለም። ግን አይከል ገብቼ የልጄ ሚስት አመተ ሥላሴ ያስተካከለችልኝ አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ሌላ ሰው የገነባውን ግድግዳ ሳይ መዋል ሞት ሆኖ ታየኝ። የዓለምወርቅም ከቁስቋም ደጅ መራቅ አትወድም፤ ከኔ ሬሳ ጋር ቁስቋም ከመቅረት ግን አይከልን እንደምትመርጥ ደጋግማ አስረድታኛለች።

ሃምሳ ዓመተ ምሕረት ገባ። ክረምቱ ሲወጣ ቀና ብዬ ባይ አሸንዳዬ ላይ ገብስ በቅሏል። ወፍ ይጣለው ነፋስ ያምጣው እንጃ፣ ዓምና ያልተጠረገው አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ተስማምቶት፣ ከዳር እስከ ዳር ተሰልፎ እሸት ይዟል። ከመንገድ ይታያል። ሰጠኝ የሚባል ጎረቤት አለኝ፣ እኩያዬ ነው፣ ጆሮው ከከዳው ቆይቷል፤ እሱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ዐየና፣ «ባሻ፣ አጨዳው መቼ ነው? ደቦ እንጥራልህ?» አለኝ። የመለስኩለትን አልሰማም፤ ባይሰማውም ሸጋ ነው።

የዓለምወርቅ ያሰብኩትን ከፊቴ አነበበች። መሰላሉን አንስታ ወደ ሰጠኝ ግቢ ወሰደችና፣ ሰውዬውን ከአጥሩ ሥር አስቀምጣ፣ ጆሮው ላይ ጮኻ ገዘተችው። «ይህን መሰላል ለባሻ ብትሰጥ፣ በግቢያችንም ቆሞ እያየኸው ዝም ብትል፣ በቁስቋም ማርያም ገዝቸሃለሁ» አለችው። ሰጠኝ አማተበ። እሱ ግዝት የሚፈራ ሰው ነው። የሻው ሲመጣ ወጣት ቀጥሮ ያስጠርገዋል ብላ ለኔም ነገረችኝ። ግንበኛ ሆኜ የገዛ ጣራዬን በቅጥረኛ የማስጠርግ ከሆነማ የሻው እውነት አለው፣ ጓዜን መጠቅለል ነው የሚቀረኝ።

የዋዜማው ዕለት፣ ኅዳር አምስት፣ ጠዋት አብረን ቤተ ክርስቲያን ሳምን። የዓለምወርቅ ለበዓሉ ዝክር ሽንኩርት ልትከትፍ እዚያው ቀረች፤ እኔን ሄደህ ጋደም በል አለችኝ። ስመጣ ሰጠኝ በግቢው ከቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቀ እንቅልፍ ወስዶታል። መሰላሉ ከጎኑ ነው። ቆሜ አሰብኩ። ግዝቱ በሚሰጠው ላይ እንጂ በሚወስደው ላይ አይደለም። ይህን ሕግ የትኛውም ሊቅ ሊያፈርሰው አይችልም ብዬ፣ መሰላሉን በአጥሩ ቀዳዳ ጎትቼ አወጣሁት።

የቤተ ክርስቲያን ልብሴን እንኳ አልለወጥኩም፤ የሻው ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት ሊደርስ ይችላል። ጫማዬን እንዳያንሸራትተኝ አወለቅኩ፣ ፀሐዩ መላጣዬን እንዳይመታኝ ነጠላዬን ከራሴ ጠመጠምኩ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። ጉልበቴ ትንሽ አጉረመረመ እንጂ እሺ አለኝ። ጣራዬ ላይ ስቆም ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከነዛፉ ይታየኛል፣ ወደ ታች ከተማው ይታየኛል፣ ሰው ሁሉ ከኔ በታች ነው። ገብሱን እየነቀልኩ፣ አፈሩን በእጄ እየዛቅሁ ሄድኩ። ከአፈሩ ውስጥ መዶሻዬ ወጣ። ሰጠኝ ሰረቀኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮረፍኩበት መዶሻ ነው። ቶሎ ብዬ ወገቤ ውስጥ ሸጎጥኩት።

የፊቱን ጨርሼ ወደ ጓሮው ጎን ተሻገርኩ። ለካ ያን ጊዜ ሰጠኝ ነቅቷል። ከእንቅልፉ ቢባንን መሰላሉ የለም፤ ቀና ቢል ግቢዬ ውስጥ ቆሟል። ግዝቱ ትዝ አለው። ማን ላይ ነው፣ የት ነው ብሎ አልጠየቀም። እየሮጠ መጥቶ መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። እኔ ተመልሼ ስደርስ የማየው የመሰላሉን ጭራ ነው። ጮኽኩ። ስሙን ጠራሁ፣ የአባቱን ስም ጠራሁ። ለሰጠኝ መጮኽና ለዚያ ለበርሜሉ መጮኽ አንድ ነው።

መንገደኛ መጥራት እችል ነበር፤ ለዋዜማው የሚወጣው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ነገር ግን ማንም ሰው መሰላል ካመጣልኝ፣ ባሻ ውዱ ጣራ ላይ ቀረ፣ በሰው አወረዱት የሚባለው ወሬ የሻውን መንገድ ላይ ይቀበለዋል። ሰጠኝ እስኪነቃ (መሰላሉን ጋድም አድርጎ ተመልሶ ተኝቷል) ዝም ብዬ ብጠብቅ ይሻላል አልኩ። ክፋቱ ቆርቆሮው ጋለ። መቀመጥ አልቻልኩም። ባዶ እግሬን አንዱን ሳሳርፍ ሌላው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ባንድ እግሬ ቆሜ ትንሽ እታገሥና እለውጣለሁ። በአንድ እጄ መጥረጊያ፣ በአንድ እጄ የነቀልኩት የገብስ እሸት አለ። ነጭ ለብሻለሁ፣ ነጭ ጠምጥሜአለሁ። ከሕመሙ የተነሣ ዓይኔን ወደ ሰማይ ሰቅዬ «እግዚኦ» እላለሁ። እንግዲህ በቁስቋም ዋዜማ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ባንድ እግር የቆሙበትን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ምን ሊል እንደሚችል አንባቢ ይፍረድ። እኔ ግን ያን ሰዓት አላሰብኩትም።

መጀመሪያ የደረሰችው አበቡ የምትባል የጭልጋ ሴት ናት። ስሟን በኋላ ነው ያወቅኩት። እያለቀሰች ስትመጣ ቀና ብላ ዐየችኝና መንገዱ ላይ ተንበረከከች። ጧፍና ዱቄት የጫነችባት በቅሎ እንደጠፋችባት፣ ባዶ እጇን እመቤቴ ፊት እንዴት እንደምትቀርብ ነገረችኝ። ቀጥላም መጥረጊያዬን ትኩር ብላ ዐየች።

«እመቤቴ ቁስቋም ሆይ» አለች እጇን ዘርግታ፣ «በቅሎየን ካገኘሁ በየዓመቱ በዋዜማሽ መጥቸ እኒህ አባት የቆሙበትን ቤት ከጣራው እስከ ደጁ አጸዳለሁ። አባቴ፣ ወየት ልሂድ?»

እኔ ከነገሩ ሁሉ የሰማሁት የመጨረሻዋን ብቻ ነው። አንዲት ደግ ሴት ወዴት ልሂድ ካለችኝማ መሰላሉን ታምጣልኝ፤ የማታውቀኝ የሩቅ አገር ሰው ናት፣ ወሬ አታወራም። የምናገርበት ምራቅ ስላልነበረኝ በገብሱ ወደ ሰጠኝ ግቢ አመለከትኩ። ሄደች። ጥቂት ቆይቶ እልልታ ሰማሁ። በቅሎዪቱ ለካ በዚያው እኔ መሰላሉን ባወጣሁበት ቀዳዳ ገብታ የሰጠኝን ጎመን ስትበላ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማስቆም አልቻልኩም። አበቡ በቅሎዋን እየጎተተች ለሚያልፈው ለሚያገድመው ተናገረች። ሰው ከመንገዱ ወደ ግቢዬ ፈሰሰ። አንዱ ራሱን ያመዋል፣ አንዷ ልጇ ወታደር ቤት ገብቶ አልጻፈላትም፣ አንዱ ዘንድሮ ሚስት ላግባ ወይስ ከርሞ ይላል። በእጄ ሂዱ፣ ተበተኑ እላቸዋለሁ፤ እነሱ ይባርኩን ብለው ይሰግዳሉ። ሰጠኝም በጩኸቱ ባይሆን በእግር ኮቴው ነቅቶ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ከፊት ቆመና እንባው እየወረደ ጆሮዬን አድነኝ አለኝ። መሰላሉን አምጣ፣ አንተ ደንቆሮ ብዬ ጮኽኩበት። ፊቴን ብቻ እያየ አሜን አለ።

በዚህ መሐል የጭነት ማኪና ጡሩምባ ተሰማ። የሻው ነው። ከላይ ሆኜ ሲወርድ ዐየሁት፤ ዐርባ ስድስት ዓመቱ፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ አፉን ከፍቶ ሕዝቡን ያያል። በሌላው በኩል የዓለምወርቅ ሽንኩርት የቆረጠችበትን ቢላዋ እንደያዘች ደረሰች። ወደኔ ቀና አለች። እግሬን ዐየች፣ ገብሱን ዐየች፣ መሰላል የሌለበትን ግድግዳ ዐየች፣ ወደ ሰጠኝ ዞር አለች። ሁሉም ገባት። አርባ ሰባት ዓመት ኖረናል፣ ከዚያ በላይ በዓይኗ ገርፋኝ አታውቅም።

ሰዉ ለየሻው አባቱ ስእለት ተስለው ጣራ ላይ እንደቆሙ፣ የጠፋች በቅሎም እንዳገኙ ነገረው። የሻው እናቱን እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። በዋዜማ ቀን፣ በእመቤቴ ደጅ፣ የዓለምወርቅ አትዋሽም። «አባትህ መቸም የያዘውን አይለቅም» አለች። ይህ ውሸት አይደለም። ሰዉ ግን እንደ ምስክርነት ወሰደው።

ተራው የኔ ነበር። ዝም ብል ጻድቅ ሆኜ እወርዳለሁ፣ ቤቴም ይተርፍልኛል፤ ከጻድቅ ጋር ማን ስለ አሸንዳ ይከራከራል? እውነቱን ብናገር የሻው በዚያ ማኪና የሚጭነው የኔን አልጋ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከፊት ለፊቴ ነው። እግሬ ይቃጠላል። ልቤ ከእግሬ ይብስ ነበር፣ ምክንያቱም ያቺ የልጇ ደብዳቤ የቀረባት ሴት አሁንም እጇን እንደዘረጋች ናት።

«ስሙኝማ» አልኩ። «ስእለትም የለብኝ፣ ጻድቅም አይደለሁ። አሸንዳየን ልጠርግ ወጥቸ መሰላል ወስደውብኝ ነው። የቆምኩት ቆርቆሮው ስላቃጠለኝ ነው። በቅሎዪቱም እግሯ ነው የወሰዳት።»

 ከዚያ አበቡ ወደ ሰዉ ዞራ፣ የበቁ አባቶች ክብራቸውን እንዲህ ነው የሚሰውሩት አለች። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሻው። መሰላሉ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ሰጠኝ ነገሩ ገብቶት መሰላሉን ቢይዝም፣ ግዝት አለብኝ ብሎ አልሰጥም አለ። የዓለምወርቅ ጆሮው ላይ አፏን ገጥማ፣ «ግዝቱን ፈትቸሃለሁ» ብላ ጮኸች። ሰጠኝ ሳይሰማት አልቀረም። ሰዉም ሁሉ ሰምቷል፤ የአባታችን ስእለት ተፈታ ብሎ እልል አለ።

የሻው ወጥቶ አወረደኝ። መሰላሉ ላይ ሳለን ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ በትከሻው ደገፈኝና፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «አባየ፣ በቃ፣ ነገ ከበዓሉ በኋላ ጓዝ እንጭናለን። ከርሞስ ማን ይወጣልሃል?» አለኝ።  ከግድግዳው ድንጋይ አንዱን በእጄ ዳበስኩት፤ ያን ድንጋይ ያመጣሁት ከቀሐ ወንዝ በጀርባዬ ተሸክሜ ነው። አለቀስኩ። ሰዉ ይህንንም ለሌላ ነገር ወሰደው።

እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ተቀምጬ ሳለሁ ግቢዬ ውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። አበቡ ናት። ስእለቷን ለከርሞ አላሳደረችም። ከኋላዋ የደረሰው ወንድሟ መሰላሉ ላይ ወጥቶ የጓሮውን አሸንዳ እየጠረገ ነው፤ ራሱን የሚያመው ሰውዬ ግድግዳ ያጥባል፤ ላግባ ወይስ ልቆይ ያለው ቅጠል ይሸከማል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ከተሠራበት ቀን ይበልጥ ንጹሕ ሆነ። የነቀልኩትን ገብስ ደግሞ አንዲት ራስ እንኳ ሳይተዉ ለበረከት ተካፍለውታል።

አበቡ እጇን ታጥባ የሻው ዘንድ ቀረበች። «የእኒህ አባት ልጅ ነዎት አሉኝ። ስእለቴ የየዓመት ነው። ከርሞም እዚሁ ቤት አገኛቸው የለ?» ብላ ጠየቀችው። ኀምሳ የሚሆን ሰው መጥረጊያና ባልዲ እንደያዘ ዞሮ ዐየው። የሻው ቤቱን ዐየ፣ ማኪናውን ዐየ፣ እናቱን ዐየ። የዓለምወርቅ ነገሩ የማያገባት ይመስል ቢላዋዋን ታገላብጣለች። «ያገኟቸዋል» አለ የሻው።

ደስታዬ ግን አላስተኛኝም። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን መምሬ ኃይለ ማርያምን ጥግ ይዤ ሁሉንም ተናዘዝኩ። በሰው ስእለት ቤቴን ማስጠረግ ኃጢአት ነው፣ ሴትዮዋን ልመልሳት አልኩ። መምሬ መጀመሪያ በትዕግሥት ሰሙኝ። ባንድ እግሬ የቆምኩት ላይ ስደርስ ጥምጣማቸው እስኪፈታ ሳቁ።

«ሴትዮዋ የተሳለችው ላንተ ነው እንዴ?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ለእመቤታችን ነው። በእመቤታችንና በሷ መካከል አንተ ምን አገባህ? ዝም ብለህ መጥረጊያውን አቀብል።» ለቀኖናዬም ዳግመኛ መሰላል እንዳልወጣ፣ ሌላው ሲወጣ ግን እግሩን እንድይዝ አዘዙኝ። የመዶሻውን ነገር አልነገርኳቸውም። ለሰጠኝም እስካሁን አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሆነ። አበቡ አንድም ዓመት አልቀረችም፤ ሌሎችም ይመጣሉ። ያ ሰውዬ ሚስት አግብቶ ከነሚስቱ ይመጣል። የልጇ ደብዳቤ የመጣላት ሴት ግድግዳውን በኖራ ትቀባልኛለች። እኔ በአንድ በኩል፣ ሰጠኝ በሌላ በኩል የመሰላሉን እግር እንይዛለን፤ እሱ ቆሞ ይተኛል። አሸንዳ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጠረግ ከታች ሆኜ እናገራለሁ፤ ማንም አይሰማኝም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይጠርጋሉ።

የሻውም በየዓመቱ ከአይከል ይመጣል። የአባቴ ጣራ ነው ብሎ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፣ ማንንም አያስቀድም። ዘንድሮ ሲወጣ ከታች ቀና ብዬ ዐየሁት። አናቱ ሸብቷል። አራተኛው እርከን ላይ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ጉልበቱን በእጁ ጨበጥ አደረገ፣ ከዚያ ማንም ያላየው መስሎት ቀጠለ። ያን ጉልበት አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። እስኪወርድ ድረስ መሰላሉን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ።

ማታ የዓለምወርቅን ለብቻዋ ጠራሁና፣ ከርሞ መሰላሉን ከዚህም ልጅ እንድትደብቅ፣ ሰጠኝንም ዛሬውኑ እንድትገዝትልኝ ለመንኳት።